ትራስ ውስጥ የተሰፋው ስፒከር

የአባቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ከቋሪት አምጥቼ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ያስቀመጥኋቸው እናቴ ካረፉ በኋላ ነው። ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

ብዙ ሰው ከታሰረበት ምርጫ ወዲህ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራ። እኔ መምህር ነበርሁ። አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ የውጭ ሬዲዮ ያስደምጣል ተብሎ እንደ ተወሰደ ቀርቷል። አባቴ ግን ማታ ማታ ያንኑ ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ከፍተው ይሰማሉ። «ይቀንሱት እንጂ» ስላቸው፣ «አይሰማኝማ» ይላሉ። ክልክል ነው እንዳልላቸው አባት ናቸው፤ ዝም እንዳልል ግድግዳው አለ።

ትምህርት ቤቱ ያረጁ የኮምፒዩተር ስፒከሮች ሲጥል አንዱን ለምኜ አመጣሁ። ሳጥኑን ፈትቼ መዳፍ የምታህለውን ድምፅ ማጉያ ከነማግኔቷ አወጣኋት። ረዘም ያለ ሽቦ በየድሁባትና ጫፉ ላይ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የቆረጥሁትን መሰኪያ ገጠምሁ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ የአባቴ ትራስ ውስጥ፣ ጥጡ መካከል ሰፋኋት። መሰኪያው ሲሰካ የሬዲዮው የራሱ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚሰማ ትራሱ ላይ ጆሮውን ያሳረፈ ብቻ ነው። አባቴ ጋደም ብለው ሞከሩትና፣ «እንደ ሰው በጆሮዬ ያወራኛል» አሉ። ያን ዕለት እፎይ ብዬ እራቴን በላሁ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቻለሁ። በእኛ አገር ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ነውር ነው፤ «እህ» ማለት፣ መደነቅ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። አባቴ ለሬዲዮውም ወጉን አላጓደሉበትም። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅም። «እህ» ይላሉ እየጮሁ። «አሰሯቸው? ስንቱን አሰሩት በል?» ሬዲዮውን ዝም አሰኝቼ አባቴን አስጮህኋቸው። አፋቸውን በእጄ ልይዝ ምንም አልቀረኝ፤ የአባት አፍ ግን አይያዝም።

አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ጋቢውን እንደ ደረበ ገባ። ክፍሉ ጭጭ ብሏል፤ አባቴ ትራሳቸው ላይ ናቸው፤ ሽቦው ከትራሱ ሥር ወጥቶ አልጋው ሥር ወዳለው ሬዲዮ ይወርዳል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ፣ «አባባ፣ ከማን ጋር ነው ሚጫወቱ?» አላቸው።

አባቴ እሱን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ። መፍራቴን ያዩ ይመስለኛል።

«ከሚስቴ ጋር» አሉ። «አሁን ከገበያ መጣች። ያችውና፣ ቆማ የለም እንዴ?» እጃቸውን ወደ ባዶው ጥግ ዘረጉ።

ሊቀመንበሩ ሽቦውን ሳያይ ጥጉን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይዞህ፣ እርጅና ነው» ብሎኝ ወጣ። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ሰዉ አባቴን እንደ ሕፃን ያባብላቸው ጀመር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ካለ እሳቸው የማይቀመጡ የነበሩት ሽማግሎች በደጃችን ሲያልፉ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ይነሳሉ፤ የሚጠራቸው የለም። አእምሯቸው ደኅና ነው ብዬ እንዳልናገር፣ ታዲያ ያን ምሽት ከማን ጋር ነበር የሚያወሩ መባሉ አይቀርም። ማታ ማታ አሁንም ይጮሃሉ፤ እንዳሻቸው ይናገራሉ። ቃላቸውን ከቁም ነገር የሚቆጥር ግን የለም።