የአያ ከፋለ ጆሮ

የገነተ ማርያሙ ገበሬ አያ ከፋለ በደርግ ጊዜ ጆሯቸው የደነቆረው «ጎረቤትህ ምን አለ?» እየተባለ ሰው መጠየቅ በጀመረ ሰሞን ነው። አገሬው አዘነላቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታፈረ ግን አላመነም። እሱ ምን ያምናል! ሲያርሱ ከኋላቸው ቆሞ ጠመንጃ ተኮሰ። በሬዎቹ ደነበሩ፤ አያ ከፋለ ዞረው እንኳ አላዩም።

በዐቢይ ጾም አንድ ከሰዓት፣ ታፈረ ማሳው ዳር አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ፊታቸውን ይሰልል ጀመር። ድንገት ነፋሱ ዞረና ከታች ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴውን ቃጭል ይዞ መጣ። ድምፁ ከትንኝ ክንፍ አይበልጥም። አያ ከፋለ ለጠመንጃው ተዘጋጅተው ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጁም። ብድግ ብለው አማተቡ።

ወዲያው ክው አሉ። አለቀልኝ ብለው ቀና ቢሉ፣ በየስብሰባው «ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው» የሚለው ታፈረም ቆሟል፤ ኮፍያው በእጁ፣ ጣቱ ግንባሩ ላይ።

«እኔ አልሰማሁም፤ እርስዎም አልሰሙም» ብሎ አንሾካሾከ።



ከዚያ ወዲያ ታፈረ ስብሰባ ላይ በደነፋ ቁጥር ዓይኑ ከደንቆሮው ሰውዬ ላይ አይነቀልም ነበር።