በየት በኩል ነው የምትጠባው?

ደንበኞቿ «ጠበቅ» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚጠሩት ባሏና አማቷ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከአፏ በማይጠፋ አንድ ቃል ነው። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት መስታወቱ ፊት ስትቆም፣ እሷ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ጨርቁን ወገቡ ላይ ቆንጠጥ ታደርግና «እዚህ ጋ ትንሽ ጠበቅ ይበል» ትላለች። ሴትየዋ መተንፈስ አቃተኝ ካለች «ይለምዱታል» ነው መልሷ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራ ታፍኖ የሞተባት ደንበኛ የለም፤ ይህንንም እንደ ሙያ ምስክር ወረቀት ትቆጥረው ነበር።

ሱቋ አንድ ፎቅ ቤት ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በግድግዳው በኩል ካውያዋና የተንጠለጠሉ ቀሚሶች፣ መሃል ላይ አንድ ሰው ብቻ ዞር ማለት የሚችልበት ቦታ። ከዚያች ክፍል የወጣ ቀሚስ ሁሉ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ከፊት ለፊቱ አንድም ቁልፍ የለውም። ዚፑ ከኋላ ነው፣ ያውም ስፌት ውስጥ የተደበቀ። «ልብስ ቁም ሣጥን አይደለም፤ መክፈቻው ለምን ይታያል?» ትል ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሰፊ ሸሚዝ የለበሰች፣ ትከሻዋ ላይ ወተት የደረቀባት እናት ካየች ደግሞ በሆዷ «እናት ሁኚ አሏት እንጂ ድንኳን ሁኚ ማን አላት?» ብላ ታልፋለች።

በመጨረሻ እሷም አረገዘች። ዕድሜዋ ገፋ ብሎ ነው፤ ባሏም እንዳይከፋት ብሎ ስለ ልጅ ማንሳቱን ከተወ ቆይቷል። ነገሩ እርግጥ ሲሆን ሁለቱም አለቀሱ። እንባዋን ጠርጋ የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ግን የሕፃን ልብስ አልነበረም። ታናሽ እህቷ የሠርጓን ቀን ቆርጣ ነበርና፣ ከወለደች በኋላ ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ ከሆዷ ጋር እየታገለች መስፋት ጀመረች። ጨርቁ ውሃ ሰማያዊ ሳቲን፣ አንገቱ እስከ ጉሮሮ የሚደርስ፣ ዚፑ እንደ ልማዷ ከኋላ። ልኩ ደግሞ ከማርገዟ በፊት የነበራት ልክ ነው። «ከወለድኩ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ» አለች፣ ለአጭር ጉዳይ ወጣ እንዳለ ሰው።

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ብዙ ልጆች አጥብተው ያሳደጉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ቀሚሱን አገላብጠው አዩት። ከፊት ዳሰሱት፣ ከኋላ ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ሕፃኑ በየት በኩል ነው የሚጠባው?»

«አጥብቼው ነው የምሄደው፣ እማማ። እዚያ ይተኛል።»

«እሺ» አሉ። እሳቸው «እሺ» ሲሉ ተስማምተው ይሁን ታዝበው ማንም ለይቶ አያውቅም።

የተወለደችው ሴት ልጅ ናት፤ ድምፀ ብርቱ፣ ሰዓት የሚባል ነገር የማታውቅ። ስትፈልግ ትጠባለች፣ ስትፈልግ ትተኛለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የእሷ ተላላኪ ሆነ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። እናት «ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ» ያለችው አካል አልተመለሰም፤ ደረቷማ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኗል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ክንደ ብርቱ። እሷ ትንፋሿን ውጣ ግድግዳ ተደገፈች፣ እሱ ከኋላ ጎተተ፣ ዚፑ እየቃተተ ተዘጋ። ልጅቷን አስቀድማ እስክትጠግብ አጥብታታለችና አዳራሹ ሲደርሱ እንደተኛች ነበረች። ጠበቅ ቀጥ ብላ ገባች። ማጎንበስ ስለማትችል ከቀጥታ ሌላ ምርጫም አልነበራትም። ዘመድ ሁሉ «መውለድሽ አያስታውቅም» አላት። እሷም አመነች።

ሙሽሮቹ ገብተው ገና ሳይቀመጡ ልጅቷ ነቃች። መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ከዚያ ሙዚቃውን የሚያስንቅ ድምፅ አወጣች። ሌላው ሰው ለቅሶውን በጆሮው ሲሰማ ጠበቅ በደረቷ ሰማችው። ዝቅ ብላ ስታይ ቀሚሷ ላይ ሁለት ክብ እርጥበቶች እየሰፉ ነው። ሳቲን ወተት አይሸሽግም፤ ያውጃል።

ልጅቷን አቅፋ፣ ባሏን በዓይኗ ጠርታ ወንበር ወደሚከመርበት ጓዳ ሮጠች። ባልየው ዚፑን ሳበ፤ ትንሽ ወረደና ቆመ። የውስጡን ገበር ነክሶታል። ወደ ላይ ሞከረ፣ ወደ ታች ሞከረ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ታለቅሳለች፣ ወተቱ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ ባሏ ደግሞ ላቡን እየጠረገ «አውቶቡስ ቢሆን በአደጋ ጊዜ መውጫው በኩል አስወጣሽ ነበር» ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

በሩ ተከፍቶ አማቷ ገቡ። እጃቸው ላይ ከአዳራሹ ኩሽና የተዋሱት የዶሮ መቁረጫ መቀስ ነበር። መቀሱን በአንገቷ በኩል አስገቡ። ያኔ እንኳ ሙያዋ አልለቀቃትም። «በስፌቱ በኩል፣ እማማ፣ በስፌቱ በኩል» እያለች ለመነች። አማቷ ግን የሚቆርጡት ወደ ልጅቷ በሚያደርሰው አጭር መንገድ ነው። ሳቲኑ ከጉሮሮ እስከ ሆድ ተተረተረ፣ ልጅቷ ጡቷን ያዘች፣ ጓዳው ጸጥ አለ።

አማቷ «ነግሬሽ ነበር» አላሉም። ቢሉ ይሻላት ነበር።

የቀረውን ሰዓት ያሳለፈችው የባሏን ኮት እስከ አንገቷ ቆልፋ ነው። በሠርጉ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ አጠገብ በወንድ ኮት የቆመችው እሷ ናት፤ ፎቶውን አይቶ «ይሄ የሙሽራው አጎት ነው?» ብሎ የጠየቀ ዘመድም አልጠፋም።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይማራል። ጠበቅ ግን ተናደደች። የሚያጠቡ እናቶችን ልብስ እኔ በሙያዬ እፈታዋለሁ ብላ ተነሣች፤ ወገቡ እንደጠበበ። በመጀመሪያ ከአንገት እስከ ወገብ ቁልፍ የተደረደረበት ቀሚስ ሰፋች። ቁልፎቹን ፈታ እስክትጨርስ ልጅቷ በለቅሶ ደክማ ትተኛለች፤ ቆልፋ እስክትጨርስ ትነቃለች። ጠብታ ቀና ስትል ደግሞ ጉንጯ ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ክብ ምልክት ታትሞባት ይገኛል። ባሏ ምልክቱን እያየ ልጃችን እንደ ቄራ ሥጋ ተመርምራ አለፈች ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

ቀጥሎ እንደ ልጆች ጫማ እየተጣበቀ የሚዘጋ ማሰሪያ አደረገችበት። ለመክፈት ፈጣን ነው፤ ግን ሲላቀቅ ቅርርር ይላል። ልጅቷ በእያንዳንዱ ቅርርር ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ደግሞ የያዘችውን በድዷ ትነክሳለች። ከዚያ በብብቷ ሥር ስውር ዚፕ አበጀች። ይሄኛው ያማረ ነበር፣ የራሷን ቆዳ እስኪነክስ ድረስ። በዚያች ቅጽበት ከአፏ የወጣውን ቃል አማቷ እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ኩሽና ሄዱ።

የክትባት ቀን መጣና ጤና ጣቢያ ሄደች። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ እናቶች ከነልጆቻቸው ተደርድረዋል። ተራዋ እስኪደርስ ሥራ ስላልነበራት የሰው ልብስ ማየት ጀመረች፤ እንደ ድሮው ልትታዘብ ሳይሆን ልትኮርጅ። ብዙም ሳትቆይ አንድ ነገር ገባት። ከላይ የሚከፍት የለም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ሰፋ ያለውን ሸሚዝ ከሥር ከፍ ያደርጋሉ፣ ልጁ ይገባል፣ ጨርቁ ተመልሶ ራሱ ላይ ያርፋል፤ የሚታይ ነገር የለም። እሷ ይህን ሁሉ ጊዜ ከጣሪያ ልትገባ ስትታገል ሰው በበሩ ይገባ ነበር።

አጠገቧ የተቀመጠችው አስተማሪ ናት፤ ልጇን እያጠባች የተማሪ ፈተና ታርማለች። ሸሚዟ ከፍ ቢልም ሆዷና ጎኗ አልተጋለጠም፤ ከውስጥ ሌላ ስስ ነገር ለብሳለች። ጠበቅ አላስቻላትም፣ ጠየቀቻት።

«የባለቤቴ አሮጌ ካናቴራ ነው» አለች አስተማሪዋ። «ሁለቱም ጡት ጋ በመቀስ ቀደድኩት። ስፌት ስለማልችል ጠርዙ ተተልትሏል፣ አይዩብኝ። እርስዎ ምን ይሠራሉ?»

«ንግድ ላይ ነኝ» አለች ጠበቅ፣ ዓይኗን ወደ ክትባት ክፍሉ በር መልሳ።

ቤቷ እንደገባች የባሏን ካናቴራ ከመሳቢያ አወጣች። ሲመለስ የሚለብሰው አጣ። ቅዱን በቁመት አድርጋ ጠርዙን በለስላሳ ጥጥ አጠፈችው፤ ከላይ የሚደረበውን ሸሚዝ አበባ ካለው ጨርቅ ሰፋች፣ አበባ እርጥበት ስለሚደብቅ። ጨርቁ ቢታጠብ ካውያ የማይጠይቅ፣ ጉንጭ የማይኮሰኩስ፣ ቁልፍና ዚፕ የሌለው። ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ እጇ ልጅ ይዛ በሌላው መክፈት ካልቻለች ልብሱ ወደቀ። ይሄኛው አለፈ። ወገብ ግን አልነበረውም። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየች፤ ድንኳን ናት። ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጠባች፣ ከዚያ ለረጅም ሰዓት ተኛች፤ እናቷም አብራት ተኛች።

ወሬው ሩቅ አልሄደም፤ የባሏ አውቶቡስ ላይ ደረሰ። እዚያ ቲኬት የምትቆርጠው ወጣት ወልዳ ሥራ ከተመለሰች ገና ነው። እናቷ ሕፃኑን በእረፍት ሰዓት መነሻው ድረስ ያመጡላታል። የደንብ ልብሱ ደግሞ ሱሪ ውስጥ የሚገባ ደረቅ ሸሚዝና በላዩ የሚቆለፍ ሰደርያ ነው። ሱቋ መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እረፍቴ የሚያልቀው ልብስ ስፈታ ነው። ልጄ አፉን ሳያሞቅ መኪናው ይነሣል።»

ጠበቅ ሸሚዙን ከደረቱ በታች በአግድም ቆረጠችና የላይኛውን ክፍል በታችኛው ላይ እንደ መጋረጃ ደረበችው። ከሩቅ ሲያዩት የኪስ ስፌት ይመስላል፣ ሰደርያውንም በጎን ከፈተችው። ቲኬት ቆራጯ በደስታ ሄደች። ደስታው የቆየው አንድ ተቆጣጣሪ ሸሚዙን አትኩሮ እስኪያይ ነው። የደንብ ልብስ ያለ ፈቃድ ቀይረሻል ተብላ ቢሮ ተጠራች። ጠበቅ ይህን ስትሰማ ቀዳጇ እኔ ነኝ፣ ብቻሽን አትሄጂም አለቻት፤ ልጇን ታቅፋ አብራት ገባች።

ኃላፊው ሰፊ ጠረጴዛ ያለው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጠበቅ ንግግር አዘጋጅታ ነበር። ስለ ጨርቅ ጀምራ ስለ ስፌት ጥንካሬ ስትደርስ ልጅቷ መነጫነጭ ጀመረች። ንግግሯን ሳታቋርጥ ሸሚዟን ከሥር ከፍ አድርጋ አስጠጋቻትና ቀጠለች። ኃላፊው በትዕግሥት ሰምቷት ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

«እመቤት፣ ችግሩ ይገባኛል። ግን ሠራተኛዬ ተሳፋሪ በሚያልፍበት ቦታ እንድትራቆት አልፈቅድም።»

«እኔ አሁን ተራቁቻለሁ?»

ኃላፊው ግራ ገብቶት አያት። «ማነው እንደዚያ ያለዎት?»

«ልጄ እየጠባች ነው።»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ላከ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መለሰው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የጨርቁ ቀለም እስካልተለወጠ ድረስ፣ ለሚያጠቡ ሠራተኞች ብቻ፣ እንዲህ ማሰፋት ይቻላል አለ። ጠበቅ የመጣችበትን ኩራት ያህል ኩራት ይዛ ተነሣች። ሰውየው እስከ በሩ ሲሸኛት ትከሻዋና ክንዷ ላይ ያሉትን ስፌቶች አተኩሮ እያየ ነበርና፣ ሙያ የሚያደንቅ ሰው ነው አለች በልቧ።

ባሏ ወደሚነዳው አውቶቡስ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ጠበቅ ኃላፊው ያለውን ደግማ፣ እሷ የመለሰችውን ደግማ፣ መሃል መሃል ላይ ያላለችውንም ጨምራ ለባሏ ተረከች። ቲኬት ቆራጯ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲበቃት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

«እትዬ፣ እዚያ ልነግርዎት ፈርቼ ነው። ሸሚዙን ገልብጠው ነው የለበሱት።»

ጠበቅ ዝቅ ብላ አየች። እውነት ነው። የእያንዳንዱ ስፌት ጥልፍልፍ ውጭ ወጥቷል፣ ያልተቆረጡት ክሮች ክንዷ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አበቦቹ ወደ ውስጥ ዞረው ከውጭ ገርጥተው ይታያሉ። ስለ ስፌት ጥንካሬ ያን ሁሉ የተናገረችው እንዲህ ሆና ነው። ሳቋ ከሆዷ ተነሣና አላቆም አላት፤ ቲኬት ቆራጯም አፏን በቲኬቶቿ ሸፍና አብራት ሳቀች። ባሏ በመስታወቱ ምን ሆናችሁ ይላል፣ ማን ይመልስለት።

አውልቃ ልታስተካክለው አሰበች። ልጅቷ ግን ደረቷ ላይ ጠግባ እንቅልፍ ወስዷታል። ጠበቅ ክሮቹን ወደ እጅጌዋ ከትታ፣ እንደተገለበጠች እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች።