የአው ዩሱፍ መደብና የሸክላችን ሽፋን

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጀጎል ውስጥ በአው ዩሱፍ ቤት የነበርነው የባንዳችን ልጆች አራት ነን፤ የቤቱ ልጅ ዘፋኙ ኢድሪስ፣ ጊታር የሚመታው ተስፋዬ፣ ከበሮ የሚመታው አሚን፣ ምንም የማልመታው እኔ። የኢድሪስ አባት አው ዩሱፍ ራሳቸው ለአስር ሶላት መስጊድ ሄደው ነበር። ስማችንን አንድ በአንድ የምጽፈው፣ ትናንት ሣጥን ስበረብር ያ የሸክላችን ሽፋን ከነዱቄት ሙጫው ሽታ እጄ ስለገባና ንዴቱ እንደ አዲስ ስለተነሣብኝ ነው።

ሽፋኑ የእኔ ሥራ ነበር። የፊደል አጣጣል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከሳሙና ካርቶንና ከዘይት ቆርቆሮ ላይ እያየሁ፣ በማስመሪያ እየለካሁ ነው የተማርኩት። ሸክላው አዲስ አበባ ተቀርጾ በባዶ ነጭ ወረቀት ሲመጣልን፣ ተስፋዬ እግረ ሰፊ ሱሪያችንን ለብሰን ሐኪም ጋራ ላይ ፎቶ እንነሣ አለ። እኔ ግን የሚጠሩን ሠርግ ቤቶች ናቸው፣ ሽፋኑን አይቶ "የኛ ልጆች" የሚል ሰው ካልተገኘ ባንዱ የትም አይደርስም ብዬ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሙዳይ ከተሞላው ከዚያ ቤት ሌላ አልፈልግም አልኩ።

በጀጎል ቤት እያንዳንዱ መደብ ባለቤት አለው፤ ከፍ ያለው የቤቱ ሽማግሌ መቀመጫ ነው። እኔ ከግንቡ ውጭ ያለው የአቦከር ሰፈር ልጅ ግን ያየሁት ከበሩ የገባው ብርሃን እዚያ ማረፉን ብቻ ስለነበር ኢድሪስን እዚያ ውጣ፣ ሌሎቻችሁ ከሥር አልኩ። ኢድሪስ በሩን ቃኝቶ መደቡ ላይ ወጣ። አሚን አንገቱን እያከከ "እዛ አው ዩሱፍ ናቸው የሚቀመጡት" አለ፣ አንዴ ብቻ።

"ለአንድ ደቂቃ ነው" አልኩት፣ ዓይኔን ከተዋስኩት ካሜራ ሳላነሣ። የሙዳዮቹን ክዳን ሳይቀር አስተካክዬ ነበር።

ሽፋኑን ድሬዳዋ አሳትመን፣ አጥፈን፣ አጣብቀን ለገበያው ሱቅ በሰጠን በሳምንቱ ከተማው ዘፈኑን ትቶ መደቡን ያወራ ጀመር። ሱቁ ደጃፍ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ "ወላሂ፣ አባቱ በሕይወት እያሉ ወረሳቸው!" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

"ከሥር ያሉት ደግሞ ሎሌዎቹ ናቸው?" አለች ጓደኛዋ እየሳቀች።

ሊጠሩን የነበሩ ሁለት ሠርግ ቤቶች ሌሎችን ጠሩ። እኔም ላርም ብዬ የባንዱን ስም የጻፍኩበት ቁራጭ ወረቀት በየሽፋኑ ላይ፣ ኢድሪስን ከወገቡ በታች ከነመደቡ እንዲሸፍን አድርጌ ለጠፍኩ። ባሰ፤ ያገኘው ሁሉ ምን እንደተደበቀ ለማየት በጥፍሩ ይልጠው ጀመር።

አው ዩሱፍ አልተቆጡም። ሽፋኑን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና "ማሻአላህ፣ ፊደሉ ያምራል። እኔን ግን የት አስቀመጥከኝ፣ ልጄ?" አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኢድሪስ ከዚያ ወዲህ አባቱ በሚሰሙበት አልዘፈነም፤ ባንዱም ሁለተኛ ሸክላ አላስቀረጸም።

አሁን የያዝኩት ሽፋን ጥጉ የተላጠ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ሸክላው የት እንደገባ አላውቅም። ፊደሎቹ ግን ዛሬም ቅንጣት አልዛነፉም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ተስፋዬ፣ በሱሪው ነገር ልክ ነበርክ። አሚን፣ ምናለ ሁለተኛ ጊዜ ብትነግረኝ? ኢድሪስ፣ ያጎደልኩትን ሙላበት። ከሁሉ በፊት ግን አንዳችሁ ዘፈኑ እንዴት እንደሚጀምር አስታውሱኝ፤ እኔ የቀረኝ መቀመጫው ብቻ ነው።