ሰላምታው ሳያልቅ

አባቴ ጎባ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። "አዲስ አበባ እኔ ጋ ይምጡ" ስላቸው፣ "ላሞቼን ለማን ጥዬ?" ይሉኛል። የቀረን ስልክ ብቻ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ቢኖር እንኳ በቀጠሯችን ቀን ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ቴሌ ይሄዳሉ። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቆመው ነው የሚያናግሩኝ።

ከዚያ ሰላሙን "ነጋ"፣ ጤናውን "ፈያ" እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታው ይጀመራል። "ነጋ? ፈያ? ልጆቹ ነጋ? ጎረቤቶችሽ ነጋ? ዝናቡስ?" ለእያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ" ካላልኩ አያልፉም።

"አባ፣ የከፈልንበት ሰዓት እያለቀ ነው፤ ሳሉስ ተሻለዎት?" ስል ይቆጡኛል።

"ቆይ እንጂ! ሰላም ሳንባባል ወሬ አለ እንዴ?"

ሰዓቱ ይሞላና ኦፕሬተሯ መስመሩን ትቆርጠዋለች። የመጨረሻውም ቀን እንደዚሁ ነበር፤ በባሌ አገር ያለውን ሰው ሁሉ ሰላምታ አደረሱኝ፣ ስለ ሳላቸው ግን ሳይነግሩኝ ተቋረጠ።

ካረፉ ወዲህ በቀጠሮው ቀን ቴሌ የሚመጡልኝ ላሞቹን የተረከቡት ጎረቤታችን ናቸው።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። እርስዎስ?"

"ደህና። ላሞቹም ደህና ናቸው።"

በዚሁ ያልቃል። ሰዓቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የሽቦውን ሹክሹክታ አብረን እንሰማለን። በመጨረሻ ኦፕሬተሯ ትገባለች።

"ጨረሳችሁ?"