በሩ የገባበት መኪና

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሰዎች ተሰብስበው የዚህ መኪና ወንበር ይመቻል፣ የዚያኛው ውስጡ ሰፊ ነው እያሉ ሲጨዋወቱ ስሰማ ከመሃላቸው ተነስቼ እወጣለሁ። እኔ የመኪናን ስፋት የለካሁት በባለቤቴ ቁመት ነው።

የምንኖረው በቆቦና በወልድያ መሃል ባለችው ሮቢት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ሲሆን ወደ ራያ ቆላ ያመጣኝ የመምህርነት ምደባ ነው። ባለቤቴ ሙሉጌታም መምህር ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ብሎ የተከራየነውን ቤት ጣሪያ ሊጠግን ወጣ። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። ቆርቆሮውን ሲመታ እሰማለሁ። ድንገት ምቱ ቆመ፣ የሚንሸራተት ነገር ተሰማኝ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ እህል የሞላ ጆንያ ከትከሻ ሲጣል የሚሰማውን ይመስላል።

ስደርስ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ዓይኑ ተገልጧል። «አታንሱኝ» አለ።

ጎረቤቶች ሮጠው ከጤና ጣቢያው ነርስ ይዘው መጡ፤ ሲስተር ሀዋ ትባላለች። የእግሩን ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። የቀኙ ይሰማዋል። ግራውን ስትነካው ዝም አለ፤ ቆይቶ «ነካሽኝ እንዴ?» አላት። ሲስተር ሀዋ ወደ እኔ አላየችም። አከርካሪው ሳይጎዳ አይቀርም፣ ወልድያ ሆስፒታል መድረስ አለበት፣ ግን መንገድ ላይ ጀርባው ከታጠፈ ዳግም ላይራመድ ይችላል አለች።

አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ቆላ ወርዶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ የማድቤቱን የጣውላ በር ነቀሉና ሲስተር ሀዋ እንዳዘዘቻቸው እኩል አንስተው አስተኙት። ግንባሩንና ወገቡን ከበሩ ጋር በነጠላ አሰሩት። ተሸክመውም አስፋልቱ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አደረሱት። መኪና ፍለጋው የተጀመረው እዚያ ነው።

ቀድሞ የደረሰው ባጃጅ ነበር፤ ሾፌሩ በሩን አየና ራሱን ነቅንቆ ሰው ሊጠራልን ሄደ። ቀጥሎ ጎረቤታችን አቶ ጌታሁን ትንሿን ቪትዝ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ወንበሯ ለስላሳ ነው፤ ቆቦ ገበያ ውለን ስንመለስ እንቅልፍ ወስዶኝባት ያውቃል። የፊቱን ወንበር ወደኋላ አስተኙት። ግን እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፣ ወገብ ላይ ጎበጥ ይላል፤ በሯም ሰው ካልታጠፈ አያስገባም። ሲስተር ሀዋ አይሆንም አለች።

ከቆቦ የመጣ ሚኒባስ ቆመልን። ሾፌሩ ተሳፋሪ ለማውረድ እንኳ ፈቃደኛ ነበር። ወንበሮቹ ግን ወለሉ ላይ የተበየዱ ናቸው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ወንበር ላይ በአግድም እንዳናስተኛው ደግሞ ቁመቱ ከመኪናው ወርድ ይበልጣል። የጭነት አይሱዙም መጣ። ቦታስ ሞልቶት ነበር። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ሙሉጌታን አየውና ባዶ አይሱዙ ሰው እንደሚያነጥር፣ በነፍሱ መፍረድ እንደማይፈልግ ነገረን።

ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። የግራ እግሩን ይዤ «የትኛውን ጣትህን ነው የያዝኩት?» አልኩት። «ትልቁን» አለኝ። የያዝኩት ትንሹን ነበር። አልነገርኩትም።

ያን ጊዜ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ወደ ቆላው የሚወስደውን ፒስታ መንገድ ሊይዝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላ ሰዎች በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት ዓይነት ነው። በሁለቱ አግዳሚዎች መሃል ያለው ወለል ክፍት ነው። ሮጬ ፊቱ ቆምኩ።

ሾፌሩ አዘነልኝ። ግን ለቅሶ እየሄዱ ነው። የሟቹ ጀናዛ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ከቤት ይወጣል፣ ወደዚያ አገር ሌላ መኪና አይገባም፣ የሟች እህትም እዚሁ መኪና ውስጥ ናቸው አለኝ። ምን ልበል? በሰው ሐዘን ላይ እንዴት ልጫን?

ከኋላ አንዲት ሻርፕ የተከናነቡ አሮጊት አንገታቸውን ብቅ አድርገው በሩ ላይ የተኛውን አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አውርደን» አሉት ሾፌሩን።

«እናቴ፣ ወንድምዎን ሳያዩት ይወጣል እኮ።»

«ለወንድሜ ዱዓዬ ካለሁበት ይደርሰዋል። ይኸን ልጅ ግን መኪና ነው የሚያደርሰው።»

ማንም አልተከራከረም። ሁሉም ወርደው እኛ የነበርንበት ጥላ ሥር ተቀመጡ። አሮጊቷ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

በሩ በመሃል ገባ። ጫፉ ስለተረፈ የኋላውን መዝጊያ በገመድ አሰሩት። እኔና ሲስተር ሀዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የአግዳሚው ልብስ ተቀዶ ሽቦው ይወጋል፤ በዕድሜዬ እንዲያ የማይመች ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ እየለየ በዝግታ ነዳ።

ጎብዬን እንዳለፍን ሙሉጌታ መልስ መስጠት አቆመ። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ዓይኑ ተከድኗል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ሲስተር ሀዋ አንገቱ ሥር ጣቷን አሳርፋ ስትቆይ እኔ አፏን አፏን አየሁ። «አለ፤ ሕመሙ አድክሞት ነው» አለችኝ። እስከ ወልድያ እጄን ከደረቱ ላይ አላነሳሁም።

አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ነርቩ ግን ተርፏል። ሐኪሙ፣ ታጥፎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለኝ። ለወራት ተኛ። ከዚያ ወገቡን በቀበቶ ታስሮ ቆመ። ከዚያ በዱላ መሄድ ጀመረ።

በበጋው ሾፌሩን አጠያይቀን አገኘነውና አሮጊቷ ቤት ድረስ ወሰደን። እየሄድን ሳለ በኋላ የሆነውን ነገረን። ያን ቀን ከወልድያ ተመልሶ ለቀስተኞቹን ሲያደርስ ጀናዛው ወጥቶ ተቀብሮ ነበር። እንዴት ብዬ በአሮጊቷ ፊት እንደምቆም እያሰብኩ ደረስን። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ ያዩት ሙሉጌታን ነው።

«እስቲ ሂድ፣ ልይህ» አሉት።

ትንሽ እያነከሰ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ። አሮጊቷ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ስለ ወንድማቸው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ፍርሃቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሙሉጌታ እንቅልፍ ወስዶት ዝም ሲል እንኳ ሳላስበው እጄ ደረቱ ላይ ያርፋል። በየዒዱ አሮጊቷ ዘንድ እንሄዳለን። ካለቀሱባት ቀን ወዲህ ስለ ወንድማቸው አንድ ቀን አንስተውብን አያውቁም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።