ቁልፉን የጣለው ሰውዬና የእኔ «አዎ»

እንግሊዝኛ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትኜ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዲፕሎማ ተቀብዬ ነው አዋላጅ ነርስ የሆንኩት። ደሴ ሳለሁ ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ «እሷን ጥሯት» የምባል ሰው ነበርኩ። ይህን ሁሉ ይዤ ሪያድ ከገባሁ በኋላ ነው እንግዲህ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጣ «የሠራሽውን መናገር አትችይም» ያለችኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2021 ነው፤ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በማስክ ሸፍነን በምንውልበት ዓመት። የምሠራው ባዲዓ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነበር። አስተዳደሩ በድንገት ተነሥቶ ከየትም ሀገር የመጣች አዋላጅ ሁሉ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ትፈተን አለ። ያለፈች ማዋለጃ ክፍል ትቀጥላለች። የወደቀች መሣሪያ ወደሚታጠብበት ክፍል ትወርድና አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ትፈተናለች። ያኔም ከወደቀች ውሏ አይታደስም። ውል ከሌለ ኢቃማ የለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ሪያድ ውስጥ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ግራ ቀኙን እየቃኘ ነው። እኔን ግን ከኢቃማው በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ማዋለድ ሥራዬ ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ዓለም ላይ «ይህን እችላለሁ» ብዬ ደረቴን የምነፋበት ብቸኛው ነገር ነበር።

የፈተነችኝ የአዋላጆች ኃላፊዋ ናት። ሁላችንም «ሲስተር» የምንላት፣ ከሕንድ የመጣች፣ በሥራዋ የማትታማ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። አጠገቧ ከአስተዳደር የመጣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጥያቄዎቹ በሙሉ «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያሉ የሚጀምሩ ነበሩ፤ ይህን ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ያኛው አጋጥሞሽ ያውቃል ወይ። ሁሉንም ሠርቼ አውቃለሁ። እንደ ለመድኩት እመልሳለሁ፤ ዝርዝሩን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ግን ግሡ ይምታታብኛል። «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ…» እላለሁ፣ ሰውዬው ቅንድቡን ያነሣል፣ እኔም ጭራሽ ይጠፋብኛል።

ሲስተር መጨረሻ ላይ ፍርዷን ሰጠች። «ያለፈ ጊዜ አጠቃቀምሽ ትክክል አይደለም። ምኑን ጨርሰሽ ምኑን አሁንም እየሠራሽ እንደሆነ አይለይም። ለአንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ጭራሽ አልመለስሽም።»

አልመለስሽም! ሁሉንም ጥያቄ ነው የመለስኩት። ያን ዕለት «ጠምዳኛለች» ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ መሣሪያ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። እትብት የምቆርጥበት መቀስ ሌላ ሰው ሲቆርጥበት ውሎ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ጠቅልዬ እመልሳለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። ወንድ ይሁን ሴት ለመጠየቅ እንኳ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ቅዳሜ ባጥሐ ገበያ ሄጄ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሰውዬ አለ። ይህ ሰውዬ ከገጽ ገጽ ቁልፉን ይጥላል። ቁልፉን ጥሏል፣ ቁልፉን ጣለ፣ ቤቱ ሲደርስ ቁልፉን ጥሎ ነበር። አንድም ቀን ኪሱን ሰፍቶ አያውቅም። የላብራቶሪ ባለሙያ ከሆነች አንዲት የጎንደር ልጅ ጋር ነበር አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖረው፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዬ እሷ ሆነች።

«ስሚ እህቴ» አለችኝ በመጀመሪያው ዓርብ፣ «ሰውዬው በ‹ሃቭ› ከተናገረ ቁልፉ እስካሁን አልተገኘም፤ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። በተራው ያለፈ ጊዜ ከተናገረ ግን ወሬው አልቋል፣ ምናልባት አግኝቶት ገብቶ ተኝቷል።»

«በ‹ሃድ› ሲሆንስ?»

«ሌላ ያለፈ ነገር አለ፣ ከሱ በፊት ደግሞ ቁልፉ ጠፍቷል። ያላ፣ ድገሚ።»

ገባኝ። ገብቶኝም ተናደድኩ። አብራኝ የምትኖረዋ ልጅ «አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ነው የሚከብደን» ስትል ደግሞ መጽሐፉን ከእጇ ነጠቅኳት። እንዴት ነው የሌለን? ሠራሁ፣ ሠርቻለሁ፣ ሠርቼ ነበር፤ ምን ጎደለን? እኛ የምንቸገረው ስለሌለን አይደለም፤ ያለንን እነሱ በማያስቀምጡበት ቦታ ስለምናስቀምጥ ነው። እኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም፤ በእነሱ ቋንቋ «ትናንት» ካልሽ «ሃቭ»ን አታስጠጊያትም። እኛ «ከመጣሁ ጀምሮ እየሠራሁ ነው» እንላለን፤ እነሱ እዚያ ጋ «ሃቭ» ከሌለ ጆሯቸው ይቆማል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ሰውዬውን ከነቁልፉ አባረርኩና ዓረፍተ ነገሮቹን በሙሉ በራሴ ሥራ ሞላኋቸው፦ መንታ አዋልጃለሁ። ደሴ ሳለሁ አዋልድ ነበር። እናትየዋ ስትደርስ ምጧ ጀምሮ ነበር።

ልጅቷ ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፣ ይገባታል፣ እናልፋለን። አንድም ቀን «ይህ መልስሽ አልተሰማኝም» ብላኝ አታውቅም። እንዴት ትበለኝ? እሷም እንደኔው ናት።

የድጋሚ ፈተናዬ ሊደርስ ሲል ነው ያ ቀን የመጣው። ከሰዓት በኋላ እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ከማዋለጃ ክፍል አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች። «ከሀገርሽ የሆነች ሴት አለች፤ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ምን እንደምትል አናውቅም፣ ነዪ!» አለችኝ።

ሮጥኩ። አልጋው ላይ ያለችው የወሎ ልጅ ናት፤ እሷ የቤት ሠራተኛ፣ ባሏ እዚያው ቤት ሹፌር፣ ያመጣቻት ማዳሟ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ የኦክስጅን ማስክ ጭነውባታል። ልጅቷ በእጇ ትገፋዋለች፣ እነሱ መልሰው ይጭኑባታል። ሐኪሙ በዓረብኛ ውሃዋ ፈስሶ እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየሩን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞሮ «ይኸው እንደገና! ኦክስጅኑን ጨምሪ» አለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ እኮ «አዎ» ማለቷ ነው! ቃል ሳናወጣ፣ ትንፋሻችንን ሳብ አድርገን የምንላት፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የምናውቃት የኛው «አዎ»።

«እህቴ» አለችኝ ልጅቷ ስታየኝ፣ «በአላህ ንገሪልኝ! አየር አላጠረኝም። ሲጠይቁኝ አዎ እላለሁ፣ እነሱ አፌን ይለጉሙኛል!»

ማስኩን በእጄ አነሣሁት። ለሐኪሙ ነገርኩት። «ውሃዬ ፈስሷል ነው የምትልህ፤ ከጠዋት ጀምሮ እየነገረችህ ነው» አልኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ትንፋሿን በመሣሪያ አስለክቶ ሙሉ መሆኑን ሲያይ ኦክስጅኑን አስዘጋ። ከዚያ በኋላ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትንፋሿን ትስባለች፣ እኔ «አዎ ብላለች» እላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች። የተቀበለቻት ሌላ አዋላጅ ናት፤ እኔ አስተርጓሚ ስለነበርኩ እጄን አጣጥፌ ቆሜ ነው ያየሁት። እጄ ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም።

ወደ ማጠቢያው ስመለስ ነው መንገድ ላይ ያ ፈተና ትዝ ያለኝ። «ሃቭ ዩ ኤቨር?» እኔ በማስኬ ውስጥ ምን ነበር ያደረግኩት? ይችኑ! አየር ወደ ውስጥ ሳብ! ደሜ ፈላ። ማጠቢያው ቀርቶ ቀጥታ ሲስተር ቢሮ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ስትፈትኚኝ ለአንዳንዱ ጥያቄ አልመለስሽም ብለሽኛል። ያኔ እንዲህ ነበር ያደረግኩት?» አልኩና ትንፋሼን ሳብኩላት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ፣ እንደዚያ ነበር። የፈራሽ መስሎን ነበር።»

«የፈራሁ? እኔ? ማዋለድ?»

ድምፄ ኮሪደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ይሰማ። ነገሩን አስረዳኋት። ለጠየቀችኝ ሁሉ «አዎ» ብያት እንደነበር፣ እሷ ግን እንደ ዝምታ እንደቆጠረችው። ግሦቼ የተበላሹ እንደነበሩም አልካድኩም፤ «እሱን ተምሬያለሁ፣ ጠይቂኝ» አልኳት። የምጠይቀው ድጋሚ ፈተና እንዳልሆነ፣ የመጀመሪያው ተሰርዞ እንደ አዲስ እንድፈተን እንደሆነም ነገርኳት።

«ደንቡ ይህን አይፈቅድም» አለች።

«ደንቡን ላወጡት ንገሪልኝ። ነገ ሌላ ሐበሻ ትመጣለች፣ አዎ ባለች ቁጥር ኦክስጅን ትጭኑባታላችሁ። እኔ የዚያን ጊዜ ሀገሬ ገብቼ ከሆነ ማንን ነው ከማጠቢያ የምትጠሩት?»

«ውጪ!» አለችኝ። ወጣሁ፤ ግን ከበሩ ላይ ወይ ፍንክች። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ፈገግ ያለልኝም አለ፣ የገላመጠኝም አለ። የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲል በሩን ከፈተችና ያን የማይፈታ ፊቷን ብቅ አድርጋ «እሑድ፣ ጠዋት» አለችኝ።

እሑድ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሰውዬ። ሲስተር «ያለ ሐኪም በመቀመጫው የመጣ ሕፃን አዋልደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ እንደዚያኛው ቀን በ«ሃቭ ዩ ኤቨር»።

ድምፄን ከፍ አድርጌ በ«ሃቭ» መለስኩ፦ አዎ፣ አዋልጃለሁ። በተራው ያለፈ ጊዜ ቀጠልኩ፦ አንድ ክረምት፣ ደራሽ ውሃ መንገድ የዘጋ ዕለት፣ አንዲት እናት መጣች፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። በ«ሃድ» ደመደምኩ፦ ሐኪሙ ሲደርስ ሕፃኑ አልቅሶ ነበር። እያንዳንዷ ግሥ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። ያ ቁልፉን የጣለው ሰውዬ ቢሰማኝ ያፍር ነበር። ሌሎቹንም ጥያቄዎች እንዲሁ አስኬድኳቸው፣ የአስተዳደሩ ሰውዬ ቅንድብ ካለበት አልተነሣም።

ሲስተር ወረቀቷን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠች። «አንድ ነገር ልምከርሽ» አለችኝ። «ያን ትንፋሽ ተዪው። እዚህ ማንም አይገባውም።»

ምክሯ በክፋት እንዳልሆነ ይታየኛል። ቢሆንም አልተዋጠልኝም። እዚያ አልጋ ላይ አፏን የተለጎመችው ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

«አልተወውም» አልኳት። «እኔ የእናንተን ‹ሃቭ› እና ‹ሃድ› ተምሬያለሁ። እናንተ ደግሞ የእኛን አንዲት ትንፋሽ ተማሩ። ብዙ አይደለችም።»

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። ሲስተር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቃ፣ በገዛ አፌ ራሴን አባረርኩ አልኩ በልቤ። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

«የመጨረሻው ጥያቄ» አለች። «ወደ ማዋለጃ ክፍል መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

ማስኬን ከአፌ ዝቅ አደረግኩ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ቅንድቤን አንሥቼ፣ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብኩት።

ሲስተር እስክሪብቶዋን አነሣችና «አዎ» ብላ ጻፈች።