ለአባ ኮዳው የተሠራው ዳንቴል

እኛ ቤት ያልተሸፈነ ዕቃ ካያችሁ ገና ክር ያልተገኘለት ነው ማለት ነው። ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፤ ቡፌው አለው፤ የሶፋዎቹ መደገፊያ፣ የውሃው ጆግ ሳይቀር አለው። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ተርፏል፤ እሱም የተረፈው አባዬ «ስንት ሰዓት እንደሆነ ጎረቤት ሄጄ ልጠይቅ?» ብሎ ስለተቆጣ ነው። ይኼ ሁሉ ባልከፋኝ ነበር። እኔን የሚያንጨረጭረኝ እማዬ ሥዕሎቹንም መሸፈኗ ነው።

አባዬ ሥዕል ይሰበስባል። ይሰበስባል ስላችሁ ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ናቸው። ሦስቱንም የሠራቸው እዚሁ ሐዋሳ የሚኖር የሥዕል አስተማሪ ነው። የሌላ ልጅ አባት ደመወዝ ሲቀበል ፒያሳ ጎራ ብሎ ኬክ ይዞ ይመጣል። የኔ አባት በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸራ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ገና ከበሩ እንደ ጥፋተኛ ፈገግ እያለ ይገባል። እማዬ ጋዜጣውን ስታይ ሜትር ፍለጋ ትሄዳለች።

የመጀመሪያው ሥዕል የሐይቁ ጀልባዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ገበያ ነው። ሁለቱም ነጭ ዳንቴል ከነዘርፉ ለብሰው ሳሎን ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ገለጥ ታደርግና ሰውየው ዓይኑን ሳያሳርፍ ትመልሰዋለች። የሚገርመው እንግዶቹም «ውይ ሲያምር!» የሚሉት ዳንቴሉን ነው። «ይኼን የመሰለ ክር ከየት አገኘሽ?» ይሏታል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«እማዬ፣ ሥዕል እኮ የሚሠራው እንዲታይ ነው!»

«ዝንብ እንዲጫወትበት?»

«ዝንብ የት አለ?»

«ሐዋሳ ተቀምጠሽ ነው ዝንብ የት አለ የምትይኝ? ሂጂ እንግዲህ፣ ማታ ማታ አምፖሉ ላይ የሚረግፈውን ቁጠሪው።»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይብስ ያናድዳል። ወደ አባዬ ሄድኩ። አባዬ ሥዕል ለመግዛት እንጂ ለመከራከር ድፍረት የለውም። «ተያት፣ እሷም በሷ ቤት እየጠበቀችልኝ ነው» አለኝ። እሱ ራሱ የሚያያቸው ጠዋት፣ እማዬ ለቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ስትወጣ ነው። አንሶላ ገልጦ የተኛ ሕፃን እንደሚያይ ሰው ቀስ ብሎ ይገልጣል፤ ያያል፤ መልሶ ይሸፍናል፤ ቢሮው ይሄዳል። በገዛ ቤቱ!

ሦስተኛው ሥዕል የመጣው ክር በጠፋበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ምን ያልጠፋ ነገር አለ? ስኳርና ሳሙና እንኳ ቢያንስ ሰልፍ አላቸው፤ የዳንቴል ክር ሰልፍም የለው። እማዬ ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ፒያሳን ሱቅ በሱቅ ዞረች። «ጠፍቷል እትዬ፣ ሲመጣ እናስቀምጥልዎታለን» ብለው መለሷት። እኔ አጠገቧ ፊቴን አሳዝኜ እሄዳለሁ፤ ሆዴ ግን እየጨፈረ ነው።

ሥዕሉ አባ ኮዳ ነው። አዎ፣ ያ አሣ የሚጸዳበት ዳር ቆሞ አንጀት የሚጠብቀው ትልቅ ወፍ። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ስብሰባ እስኪጀመር የሚጠብቅ ሹም የሚመስል። እማዬ ጋዜጣው ሲፈታ ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! ይኼን የአንጀት ለቃሚ ሳሎኔ ልታስገባው ነው? እዚያው ሐይቁ ዳር ሄደን ብናየው ምን ነበረበት?»

«ይኼኛው አይሸትም» አለ አባዬ።

እኔ ግን ወደድኩት። ከሩቅ ስታዩት ክንፉ ግራጫ ነው፤ ጠጋ ስትሉ ግን ግራጫ የሚባል ነገር የለም። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ላባዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ በተደረቡበት ቦታ ትንሽ ሮዝ እንኳ አለ። የቤት ሥራዬን እሱ ሥር መሥራት ጀመርኩ። አልጀብራው እምቢ ሲለኝ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እሱም ቁልቁል ያየኛል፤ ሁለታችንም አልገባንም።

አንድ ቀን የአባዬ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ መጣ፤ በየስብሰባው የሚናገር ሰው ነው። ሥዕሉን ብዙ ካየ በኋላ «ጓድ፣ ለመሆኑ ሠራተኛው የታለ?» አለ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ነው «ምሳ ወጥቷል» ያለው፤ ያውም በሹክሹክታ።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር አክስቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሻንጣዋን ከፍታ ከልብሶቹ ሥር ነጭ ክር አወጣች። «በስንት ልመና ያገኘሁልሽ ነው፣ እህቴ!» እማዬ አክስቴን አገላብጣ ሳመቻት። እኔም ሳምኳት፤ የይሁዳ መሳም ነበር።

የባሰው ገና ነበር። እማዬ ኪሮሹን ለኔ ዘረጋችልኝ።

«ይኼን የምትሠሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?!»

«ማን ይሁን ታዲያ? ወፉ? ይኼን ያህል ልጅ ሆነሽ ኪሮሽ መያዝ አለማወቅሽ እኔን ነው የሚያሰድበኝ።»

የምወደውን ሥዕል መሸፈኛ በገዛ እጄ ልሥራ? በመጀመሪያ የመጣልኝ ማበላሸት ነው። አጠመምኩት፤ አንዱን ዓይን አሰፋሁ፣ አንዱን አጠበብኩ። እማዬ ጫፉን ያዝ አድርጋ ሳበችው። ትርርርር! የከሰዓት በኋላ ልፋቴ ተመልሶ ክር ሆነ። «እንደገና» አለች። በማግሥቱም አበላሸሁ፤ ትርርርር። «እንደገና።» ድምፅዋን እንኳ አትጨምርም እኮ! ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ንዴቴ ከእማዬ ላይ ወርዶ ክሩ ላይ አረፈ። ይኼ ክር እኔን አያሸንፈኝም አልኩ። ጣቴ እየለመደ ሄደ። የእማዬን የአበባ ጥለት ግን ጠላሁት፤ ቤታችን ያለው ሁሉ አበባ ነው። ቀና ስል ዓይኔ ክንፉ ላይ አረፈ። ላባዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተደረቡ፣ እኔም አንዱን መስመር ባንዱ ላይ ደረብኩት። ሞከርኩ፣ ፈታሁ፣ ሞከርኩ። አሁን የምትፈታው እማዬ መሆኗ ቀርቶ እኔ ሆንኩ።

እማዬ መጥታ ቆመች። «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ላባ ነው።»

«ማን አሳየሽ?»

ባገጬ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ። ወፉን አየች፤ ዳንቴሉን አየች። የትርርር ድምፅ ጠበቅኩ። አልሳበችውም። ወደ ጓዳ ገባች።

ያለቀ ዕለት አጠበችው፣ በስታርች ነከረችው፣ ተኮሰችው። ክሩም አብሮ አልቆ ነበር። እሑድ ከቀበሌው ውይይት መልስ ጎረቤቶች ጠራች። «የልጄን እጅ ኑና እዩ!» አለቻቸው። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አገላበጡት፤ አንዷ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በቀዳዳው እያየችን አሳቀችን። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የመጨረሻ ጊዜ ብዬ አባ ኮዳዬን እያየሁ ነበር።

እማዬ ወንበር ላይ ወጣች። ዳንቴሉን ወደ ሥዕሉ አስጠጋች። ቆመች። ደግሞ ዳንቴሉን አየችው።

«አይሆንም» አለች። «በዚህ ራሰ በራ ላይ ይኼን የመሰለ ሥራ? ዝንብ እንዲጫወትበት?»

«እውነትሽን ነው፣ ኃጢአት ነው!» አለች አንዷ ጎረቤት።

ከወንበሩ ወረደች። ዳንቴሉን አጥፋ በነጠላ ጠቀለለችው፤ ናፍታሊን ጨመረችበት፤ ሳጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። «ለሠርግሽ» አለችኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባዬ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከፍ አደረገ፤ ጋዜጣው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

አባ ኮዳው እስከ ዛሬ እንደተገለጠ አለ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ! ያን ሰሞን ሁሉ ስዘፍን ነበር። ከዚያ ግን ክንፉን ባየሁ ቁጥር ላባዬ ትዝ ይለኝ ጀመር። ያ ጥጉ ላይ ያስቸገረኝ ቦታ እንዴት ሆኖ ነበር?

«እማዬ፣ ዳንቴሌን አንዴ ልየው።»

«አቧራ ይገባበታል።»

«እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት!»

«የሠራሽው ከሆነማ ታውቂው የለ።»

«የሚሠራው እኮ እንዲታይ ነው!»

«ዝንብ እንዲጫወትበት?»

ከሷ ጋር ክርክር ግድግዳ መግፋት ነው። አባዬ ግን ሰምቶን ኖሮ፣ ስታልፍ ጠብቆ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «ቁልፉ ቡፌው ላይ ነው፤ ዳንቴሉ ሥር።»

አሁን ጠዋት ጠዋት እማዬ ለሰልፉ ስትወጣ አባዬ ጀልባዎቹን ይገልጣል፤ እኔ የሳጥኑን ክዳን እገልጣለሁ። ናፍታሊኑ ዓይኔን እያቃጠለኝ ላባዎቼን አያለሁ። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም እየተጋፋን እንሸፍናለን። ከሥዕሎቹ ያልተሸፈነ አባ ኮዳው ብቻ ነው፤ እሱም በጥጋብ ቁልቁል ያየናል።